ውሃ ልክ ላኪልኝ

እህል ውሃ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ሰው እህል በልቶ ውሃ ይጠጣል እንጂ፣ እህል ራሱ ተደላድሎ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል ብሎ የነገረኝ የለም። በመጨረሻ የነገረኝ የሱሪው ዚፕ የተበጠሰበት ፈረንጅ ነው። ከዚፑ ልጀምርላችሁ ነበር፤ ግን አይሆንም፣ ከአፌ ነው መጀመር ያለብኝ። የእኔ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከአፌ ነው። ያኔ ዚፑን ለፈረንጁ ሱሪ ሳይሆን ለአፌ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ እናንተም ይህን አታነቡም፣ እኔም በሰላም እኖር ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ላሊበላ ላይ፣ ከቅዳሜ ገበያ ሽቅብ ስትወጡ፣ በረንዳው ላይ መኪናውን ሲያንኳኳ የምታዩት ሰውዬ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የሰፋሁት ሱሪ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ አሸተን ማርያም ደርሶ ይመለሳል። እሺ፣ አጋነንኩ። መድረሱን ይደርሳል፣ መመለሱን እንጃ።

በየወሩ የነአኩቶ ለአብን ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን። ተራ የደረሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ይጠብቃል፤ አባ ክንፈ፣ የአብዛኞቻችን የነፍስ አባት፣ ባርከው ያስጀምሩናል። እንግዲህ አንድ ወር ተራው የአያ ደምሌ ነበር። አያ ደምሌ ጎረቤቴ ነው፤ አጥራችን አንድ ነው፣ ዶሮዎቻችንም የማን እንደሆኑ እነሱ ራሳቸው አያውቁም። የዚያን ቀን ጠላው ቀጠነ። ለእግዚአብሔር ብናገር ትንሽ ነው የቀጠነው። ዝም ብሎ መጠጣት ይቻል ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠጥቷል። እኔ ግን ሽክናዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁና፣

«አያ ደምሌ፣ በዚህ ጠላ እኮ ክርስትና ይነሳል» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባ ክንፈ እንኳ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። አያ ደምሌ አልሳቀም። ሽክናዬን ተቀብሎ እስከ አፉ ሞላና መለሰልኝ።

«ጠጣ» አለ ቀስ ብሎ። «የሚመጣው ወር ያንተ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ይህን ነው።

በእኛ አገር ስም ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዴ በቄስ፣ አንዴ በጎረቤት። የቄሱን ራስህም ትረሳዋለህ። የጎረቤቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አንድ የማውቀው ሰው በልጅነቱ ከአህያ ስለወደቀ፣ ዛሬ የልጅ ልጁን «የወደቀው» እያሉ ይጠሩታል፤ ሕፃኑ አህያ ላይ ወጥቶም አያውቅ። እኔም የደምሌን ጠላ ውሃ ብዬ የእኔ ከቀጠነ የሚወጣልኝን ስም ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ውሃው» ተብዬ ልቀር ነው። ልጆቼ «የውሃው ልጆች»፣ ሚስቴ «የውሃው ሚስት»። የልብስ ሰፊ ቤቴም «ውሃው ዘንድ ወስደህ አስጠብበው» ሊባል ነው።

ጠላ የምትጠምቀው ሚስቴ ብርነሽ ናት። የእሷ ጠላ ቢሆን ኖሮ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ግን ያን ሰሞን እህቷ ሙጃ ላይ ወለደችና ብርነሽ አራሷን ልትጠብቅ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ብቅሉንም፣ የተቆላ የገብስ ዱቄቱንም፣ ጌሾውንም አዘጋጅታ አስቀምጣልኛለች።

«ጥመቂልኝ ብለህ ለእቴ አለም ስጣት» አለችኝ።

እቴ አለም የአያ ደምሌ ሚስት ናት።

«ለደምሌ ሚስት?» አልኩ። «እጄን ልቁረጥ? እኔው እጠምቀዋለሁ።»

ብርነሽ በቅሎዋ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። በቅሎዋ ደንግጣ መንገድ እስክትጀምር ድረስ ሳቀች። ከዳገቱ ወዲያ ማዶ ከታየች በኋላም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ወደ ዚፑ እንምጣ። ፈረንጁን አስጎብኚ ይዞት መጣ። ዚፑን ስቀይርለት ሱሪ የለውምና ፎጣ አገልድሞ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ፎጣ ያገለደመ ሰው ወሬ ያበዛል፣ የሚሄድበት የለማ። የልቤን ሳወራው፣ ጠላ መጥመቅ እንዳለብኝ ስነግረው፣ ዓይኑ በራ። ለካ እሱም በአገሩ፣ በገዛ ኩሽናው፣ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ነው። ጥሬውን በከረጢት አድርጎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሲበቃው ከረጢቱን አንስቶ ይንጠለጥለዋል፤ ማጥለል የለ፣ ወንፊት የለ። ከረጢት ሲል የልብስ ሰፊ ልቤ ዘለለ። ይህማ የእኔ ሙያ ነው።

«ዋናው ነገር ውሃው ነው ይልሃል» አለ አስጎብኚው እያስተረጎመ። «እህሉ ይጠጣል። እሳቱ ይወስዳል። አተላው ይዞ ይቀራል። ከሦስቱ የተረፈው ነው የአንተ።»

ነገሩ ገባኝ። ጨርቅ ስቆርጥስ እንዲሁ አይደል የማደርገው? ለእጥፋቱ፣ ለስፌቱ፣ ሲታጠብ ለሚኮማተረው ጨምሬ ነው የምቆርጠው። ውሃም ሲፈላ ይኮማተራል ማለት ነው። ስንት ስንት ጨምር እንደሚል ጠየቅኩት፤ ለአንድ ኪሎ እህል አንድ ሊትር ለመጠጡ አለኝ። ሱሪውን ለብሶ ሄደ፤ እኔ ግን በዚያች በርጩማ ላይ ሌላ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ሂሳቡ ይኸውና። ማኅበርተኛው ከነሚስቱ፣ ካልተጠራው ጋር፣ ሦስት ጀሪካን ጠላ ይበቃዋል። እህሌ ሃያ ኪሎ ነው፤ ሃያ ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ይጠጣል። እሳቱ ግማሽ ጀሪካን ይውሰድ። አተላው ግማሽ ይያዝ። አምስት ጀሪካን። ምን ይከብዳል? የሚከብደው እሱ አይደለም። የሚከብደው ሂሳቡን ከጨረስክ በኋላ መጠርጠር ስትጀምር ነው።

ፈረንጁ የነገረኝ ስለ ፈረንጅ ገብስ ነው። የእነሱ ገብስ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ የኖረ ጥጋበኛ ነው። የላስታ ገብስ ግን ድርቅ ያየ ገብስ ነው። በድንጋይ መሃል በቅሎ፣ ዝናብ ቀረሁ መጣሁ ሲለው ያደገ ገብስ ድንገት በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ አንድ ሊትር ጠጥቶ «ይበቃኛል» ይላል? እኔ ብሆን አልልም። ስለዚህ አንድ ጀሪካን ልጨምር አልኩ። ቀጥሎ ክርስትናው ትዝ አለኝና ቀነስኩ። ከዚያ ደግሞ ጠላው አልቆ ሰው ሽክናውን ገልብጦ ሲያየኝ ታየኝ፤ ጨመርኩ። ሁሉም በሐሳቤ ነው፣ ገና አንድ ጠብታ አልቀዳሁም። አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ያንን ሳስብ ለአንድ ተማሪ ዩኒፎርም ሁለቱንም እጅጌ በአንድ ወገን ሰፋሁለት። እናቱ አምጥታ ስታሳየኝ «በዚህ በኩል ልጁ ይሞቀዋል» ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥኩና ብርነሽን ለመጠየቅ ወሰንኩ። ሞባይል ገና የአቡነ ዮሴፍን ተራራ አልተሻገረም፤ ሙጃ መልእክት የሚደርሰው በሰው አፍ ነው። አያ ይመር የሚባል ነጋዴ በቅሎዎቹን ይዞ ወደ ሙጃ ገበያ ይወርድ ነበርና መንገድ ላይ ያዝኩት።

«አያ ይመር፣ ብርነሽን የውሃውን ልክ ላኪልኝ ብሏል በላት።»

«የውሃውን ልክ።»

«አዎ። እንዳትረሳ።»

«እኔ የሰው አደራ ረስቼ አውቃለሁ?» አለና በቅሎዎቹን እየነዳ ሄደ።

መልሱን መጠበቅ ነበረብኝ። ደግሞስ መጠበቅ የሚችል ሰው ከመጀመሪያውስ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል?

ከረጢቱን ሰፋሁት። ለካህናት ጥምጥም ከምቆርጠው ሻሽ የተረፈ ነበረኝ፤ ስሱ፣ ነጭ፣ ውሃ የሚያሳልፍ። እጥፍ አድርጌ፣ ስፌቱን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ያንን ከረጢት ያየ ሰው የጳጳስ ትራስ ይለው ነበር። ከቦኖው ወረፋ ይዤ ውሃ ቀዳሁ፤ ሰዉ ሁሉ ለቤት አንዳንድ ጀሪካን ሲወስድ እኔ አምስት ስደረድር «ልትጠመቅ ነው?» ያለኝም አልጠፋ። በርሜሉን ግቢዬ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር፣ ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ግቢዬ እንደማንኛውም የላሊበላ ግቢ ተዳፋት ነው፤ ብርቱካን ቢወድቅ የሚያቆመው የደምሌ አጥር ነው።

እሳቱን ለኮስኩ፤ ጢሱ ወደ ቁልቁል ይነፍስ ስለነበር በላይኛው ወገን ቆምኩ። የጨርቅ መለኪያ የእንጨት ሜትሬን ወደ በርሜሉ እየነከርኩ፣ አንድ ጀሪካን ባፈሰስኩ ቁጥር ውሃው የደረሰበት ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መስመር አሰመርኩ። አምስት ጀሪካን፣ አምስት መስመር። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎችም አልነበራቸውም። ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ተራራው የት ይደርስ ነበር አትበሉኝ።

ውሃው ሞቀ፤ እህሉን በከረጢት አድርጌ ነከርኩት፤ በርሜሉን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ሲበቃው ከረጢቱን በገመድ አስሬ፣ ገመዱን በወይራው ቅርንጫፍ ላይ አሳልፌ ሳብኩ። አልነሳ አለ። ሃያ ኪሎ ሆኖ የገባው እህል የጠጣውን ጠጥቶ እንደ ነፍሰ ጡር በሬ ሆኗል። ነፍሰ ጡር በሬ አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔም ያየሁት ያን ቀን ነው። ተንጠላጠልኩበት። ከረጢቱ ተነሳ፤ እኔም ተነሳሁ፤ ሁለታችንም በአንድ ገመድ ግራና ቀኝ አየር ላይ ተንጠልጥለን ቀረን።

አያ ደምሌ በአጥሩ ላይ አገጩን አስደግፎ ያያል።

«አንተ፣ ምንድን ነው የሰቀልከው?»

«ገብስ» አልኩ ከአየር ላይ።

«ምን አጥፍቶ?»

መልስ ለመስጠት ስሞክር ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ከረጢቱ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ወደቀ፤ ትኩሱ ፈሳሽ ዘሎ ግቢውን አጠበው። ስፌቴ ግን አልተፈታም። ይህን ጻፉልኝ፤ የአያቴ ወይራ ተሰበረ እንጂ የእኔ ስፌት አልተፈታም። አያ ደምሌ አጥሩን ዘሎ መጣና ይዘን አብረን ጎተትነው። ጭቃ ለብሶ፣ ሸሚዙ በጣፋጭ ፈሳሽ ርሶ፣ ዝንብ ከቦት ወደ ቤቱ ሲመለስ አንዲት ቃል ብቻ ጣለ።

«እኔ እንኳ የቀጠነ ጠላ ነው የጠመቅኩት። አንተ ጦርነት እየጠመቅክ ነው።»

ጌሾውን ጨምሬ አፈላሁት። የፈሰሰው ፈሷል፣ እሳቱም ወስዷል፣ እንግዲህ ስንት ቀረ? እሳቱን አዳፍኜ፣ ፈሳሹ ለብ ሲል ልለካ ተነሳሁ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ነፋሱ ዞሯል። ጢሱ ሽቅብ ይመጣል። ዓይኔን እያሸሁ በታችኛው ወገን ዞሬ ቆምኩና ሜትሬን ነከርኩ።

አምስተኛውን መስመር አልፏል።

ሜትሩን አወጣሁ፣ ጠረግኩ፣ እንደገና ነከርኩ። አልፏል። አምስት ጀሪካን ውሃ አፈሰስኩ፤ እህሉ ጠጣ፣ እሳቱ ወሰደ፣ ግቢው ታጠበ፤ ውሃው ግን ጨመረ። ለአንድ አፍታ ቃና ዘገሊላ ትዝ አለኝና አባ ክንፈን ልጠራ ከጀለኝ። ቀጥሎ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ይህ ሁሉ ውሃ ነው፣ ውሃ ከበዛ ቀጠነ፣ ከቀጠነ «ውሃው»። ተአምሩን ረስቼ መቅጃ አነሳሁ። ከሦስት ጀሪካን ትንሽ ዘለግ እስኪል፣ ከሜትሬ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል፣ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ቀድቼ አወጣሁ።

ይህን ጊዜ እቴ አለም ጠላው እንዲብላላ የምጨምረውን ጥንስስ በቅል ይዛልኝ መጣች። ባሏ ቢቀየመኝም እሷ ደግ ናት።

«አያ፣ ይህ በጀሪካን ያለው ምንድን ነው?»

«ትርፍ ነው፣ እቴ አለም። በዝቶብኝ ነው። ውሰጂና ለላምሽ ስጪልኝ።»

ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ቅንድቧ ተነሳ።

«ለላም?»

«ለላም።»

«እንዳልክ ይሁን» አለችና ሁለት ዙር ተመላልሳ ወሰደችው።

አመሻሹ ላይ ጥንስሱን ልጨምር ስወጣ ነፋሱ እንደገና ወደ ቁልቁል ዞሮ ነበር። በላይኛው ወገን ቆምኩ። ልማድ ሆኖብኝ ሜትሬን ነከርኩ። ሁለት ጀሪካንም አይሞላም።

እንግዲህ ያኔ የተሰማኝን በቃል አልናገረውም። በርሜሉ እያፈሰሰ እንደሆነ ከሥሩ ገብቼ በሆዴ ተኝቼ አየሁ፤ ደረቅ ነው። ውሻው ጠጥቶ እንደሆነ አፉን አሸተትኩት፤ እሱም መልሶ አሸተተኝ። ወደ ደምሌ አጥር አየሁ፤ የተዘረፍኩ መሰለኝ። ግን ማን ነው ጌሾ የፈላበት ለብ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ የሚሰርቅ? ለማኅበሩ ሁለት ጀሪካን ይዤ ልወጣ? ጠላ አለቀ ልል? ቦኖው ሳይዘጋ ሮጥኩና ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ አምጥቼ ቸለስኩበት። ጥንስሱን ጨመርኩ። ከደንኩ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት ስገልጥና ስከድን አሳለፍኳቸው። ጠዋት ከላይ ስለካው ሦስት ተኩል። ከሰዓት እንደለመድኩት ከታች ስለካው ከአምስት በላይ። በርሜሉ እንደ ሰው ይተነፍሳል ብዬ ደመደምኩ። ቆርጬ አልጨምርም አልቀንስም ብዬ ማልኩ እንጂ መለካቱን መተው አልቻልኩም፤ የሱሪ ወገብ ስለካ እንኳ ደንበኛውን በሁለት ወገን ዞሬ እለካው ጀመር።

የማኅበሩ ዋዜማ ዕለት አያ ይመር ከሙጃ ተመለሰ። ከበቅሎዋ ጭነት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ፈትቶ ሰጠኝ። ገለጥኩት። ለስላሳ እንጨት ነው፣ መሃሉ ላይ የብርጭቆ ዓይን ያለው፤ በብርጭቆው ውስጥ አረፋ ወዲያ ወዲህ ይላል። ግንበኛ ድንጋዩ እንዳይዘም የሚያስተካክልበት ውሃ ልክ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የላክኸኝ ነዋ። ውሃ ልክ ላኪልኝ ብሏል አልኳት፤ ከግንበኛው ወንድሟ ተውሳ ሰጠችኝ።»

«የውሃውን ልክ ነው ያልኩህ!»

«እንግዲህ አንተ ብዙ ብለህ ይሆናል» አለ አያ ይመር ሳይቆጣ። «እኔ የያዝኩትን አድርሻለሁ። ዳስ ልትጥል መስሏት ደስ ብሏታል። የወንድሜ የእንጀራው ገመድ ናት፣ እንዳይሰብራት ብላለች።»

ከላሊበላ እስከ ሙጃ ባለው ገደል የት ቦታ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ «የ» የምትባል ፊደል «ውን» አስከትላ ከበቅሎ ወድቃብኛለች። በንዴት ያንን ውሃ ልክ በርሜሉ አፍ ላይ ጣል አደረግኩት።

አረፋዋ እየሮጠች ሄዳ በላይኛው ጫፍ ተለጠፈች።

አያ ይመር ጎንበስ ብሎ አየ። «በርሜልህ ዘሟል» አለ።

የቆምኩበትን አየሁ፤ ከላይ ነኝ። የታችኛውን ወገን አየሁ። ጢሱን አስታወስኩ። ለካ በርሜሉ አልተነፈሰም፣ ማንም አልዘረፈኝም፣ ቃና ዘገሊላም አልነበረም፤ ውሃው ሁልጊዜ እዚያው ነበር፣ እኔ ነኝ ጢስ እየሸሸሁ አንዴ ከጥልቁ፣ አንዴ ከጎዶሎው ስለካ የከረምኩት። ትርፍ ብዬ ያወጣሁት ደህናውን ነበር። በምትኩ የቸለስኩት የቦኖ ውሃ። ክዳኑን ገልጬ ቀመስኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሁለቱን ጀሪካን መልሱልኝ ልበል? ለላም የሰጠሁትን? በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ የደምሌን ላም አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማ ታመሰኳለች። ያንን ሁሉ የጠጣች ላም እንዲህ ቀጥ ብላ መቆም እንደማትችል ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን የራሴ ጣጣ መች ፋታ ሰጠኝ።

በነጋታው ማኅበሩ ገባ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ የሚገማገምበት ዘመን ነበር፤ ቀበሌው ይገማገማል፣ መምህሩ ይገማገማል፤ ልማዱ ከስብሰባው አዳራሽ አምልጦ ጠላ ላይም ደርሶ ነበር። አባ ክንፈ ጸሎቱን አድርሰው፣ ባርከው፣ ፉት አሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። እንዲህ ስሜታቸውን መደበቅ ከቻሉስ መነኩሴ ቢሆኑ ይሻላቸው ነበር። ሽክናው ዞሮ አያ ደምሌ ደረሰ። ወደ ብርሃን ያነሳዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳውም። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና አስቀመጠው። ሁሉም አንገቱን አሰገገ፤ ለካ ወሩን ሙሉ ይህችን ቅጽበት ሲጠብቅ የኖረው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አገሩ ሁሉ ነው።

ዓይኑ መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩት ውሃ ልክ ላይ ዐረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውሃ ልክ ነው» አልኩ።

«ለምንህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አሥር ውሸት ከአፌ ይዘንብ ነበር። ያን ቀን ግን እውነቱ ቀድሞ ወጣ።

«ለ… ጠላው።»

አያ ደምሌ ተነስቶ ውሃ ልኩን አነሳ። ጠፍጣፋው መስኮት ላይ ደልደል አድርጎ አስቀመጠው። አጎንብሶ አረፋዋን አየ፤ መሃል ላይ ቆማለች። ቀና አለና፣ ድምፁን ሳያነሳ፣

«ውሃውስ ልክ ነው። ጠላው የታለ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም ማንንም አልሰማም። ሳቁ ጎልቶ ከቤቱ ወጥቶ፣ ግቢውን ዞሮ ተመለሰ። አባ ክንፈ ዓይናቸውን እያበሱ፣ «ልጄ፣ ጽዋ ለጥም ነው እንጂ ለስካር አይደለም» አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ነው፣ ግን እሳቸውም ሳይጨርሱት ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ግምገማው አልቋል!» አለ አንዱ ከጥግ። «ውሃ ልክ!» አለ ሌላው። ስሜ ወጣ። ቄስ አላስፈለገም።

ድል ያደረገ ሰው ቸር ይሆናል። አያ ደምሌ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «አለም፣ ያቺን ቤት ያለችውን ጠላ አምጪያት፤ የጎረቤታችን ማኅበር ደርቆ አይቀርም» አላት። እቴ አለም ተነሳች። ስትወጣ በጎን አየችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ጀሪካኑ መጣ። የተቀዳው ጠላ ጠቆር ያለ፣ ጌሾው አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ሽክናውን የሚከብድ ነበር። አባ ክንፈ አንዴ ቀመሱና ሌላ ጊዜ ደገሙ።

«ደምሌ፣ ባለፈው የቀጠነብህን ዛሬ ካስከው። ይህ ነው ጠላ።»

ሁሉም አደነቀ። ደምሌ በኩራት ጢሙን ጠረገ፤ እሱም ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይመስልም። የእኔ ሽክና ደረሰችኝ። ፉት አልኩ። ምላሴ ላይ አንዲት ነገር ቀረች። በጣቴ አወጣኋት። ነጭ፣ ስስ፣ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ስፌት ላይ የምትገኝ የሻሽ ክር።

የገዛ ክሬ። የገዛ ጠላዬ። ለላም የሰጠሁት።

አፌን ከፈትኩ። ይህ የእኔ ነው ልል፣ ስሜን ላስመልስ። እቴ አለም ሽክናዬን ልትሞላ ጎንበስ አለችና ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣

«ላማችን ጌሾ አትወድም፣ አያ» አለች።

አባ ክንፈን አየሁ፤ ሦስተኛውን እየጠጡ ነው። «አባ፣ ደጋግመው የሚያመሰግኑት ለደምሌ ላም የላክሁት ነው» ልበላቸው? በነአኩቶ ለአብ ጽዋ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? «ውሃ ልክ» የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ የሚመጣብኝን ስም ሲያስቡት የማር ወለላ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዚፑ ተገጠመ። አፌን ዘጋሁ፤ ክሯን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ማኅበርተኛው የደምሌን ጠላ ጠጥቶ፣ የእኔን ውሃ ሲጠማው እየተጎነጨ፣ አንዲት ጠብታ ሳያስተርፍ ወጣ። በቁጥር ብትወስዱት፣ አላነሰም አልተረፈምና ሂሳቤ ትክክል ነበር።

ውሃ ልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ አያ ይመር እንደገና ወደ ሙጃ ሲወርድ ሰጠሁት። «ለብርነሽ ስጥልኝ፣ አመሰግናለሁ በላት» አልኩ፤ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ የሚወድቅ ፊደል እንዳይኖር። ቤቴ ደጃፍ ቆመው የነበሩት ሰዎች ግን እኔን በአዲሱ ስሜ እየጠሩ አያ ይመርን ተሰናበቱት።

ብርነሽ ስትመለስ በረንዳዬ ላይ ሱሪ እያጠበብኩ ነበር። በቅሎዋን ከአጥሩ ውጭ አቆመች። ወርዳ ስትስቅ ይሰማኛል። አያ ይመር አደራ አይረሳምና፣ ገና ሙጃ ደጃፍ ላይ ሆኖ «ውሃ ልክ ውሃ ልክን ልኮልሻል» ብሏታል።

«ውሃ ልክ!» አለች ከውጭ። «ቤት አለህ?»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ክር ነካ አደረግኋት።

«አለሁ» አልኳት።